ቀዩ ነጥብ ከየት እንደሚመጣ

ማክሰኞ

ዘሃራ ከክፍል ሮጣ ወጣች። ቦርሳዋን እኔ ይዤ መጣሁ፤ አሁን አልጋዬ ስር ነው።

የፊዚክስ መምህራችን ሌዘር አመጡ። ጣት የምታክል ነገር ናት። ቆቦ ከመጡ ቅርብ ጊዜ ነው። መስኮቶቹን አስዘጉና ማስረዳት ጀመሩ። የአምፖል ብርሃን ከገበያ እንደሚበተን ሰው ነው፣ ሁሉም በየፊናው። ሌዘር ግን እንደ ደቦ ነው፤ አንዱ ሲያዜም ሌላው ይቀበላል፣ ማጭዱ እኩል ይነሳል፣ እኩል ይወርዳል። አንዱ ብርሃን ሌላውን ይቀሰቅሳል፣ በሁለት መስታወት መሀል እየተመላለሱ ይበዛሉ፣ ከዚያ በአንዱ በኩል ይወጣሉ። ገባኝ። ፊዚክስ እንዲህ ገብቶኝ አያውቅም።

ከዚያ አበሩት። ቀይ ነጥብ ከሰሌዳው ተነስቶ ግድግዳውን ዞረ። ከእኔ ጋር፣ መስኮቱ በኩል የምትቀመጠው ዘሃራ ዴስኩ ስር ገባች። እሷ ብቻ አይደለችም፤ ከኋላ ያሉት ወንዶችም ጎንበስ አሉ። መምህሩ ለዓይናችን የፈራን መስሏቸው "ዓይን ውስጥ ካልገባ አይጎዳም፣ ተረጋጉ" አሉ። ዘሃራ በሩን በርግዳ ወጣች።

ረቡዕ

አልመጣችም። ቦርሳዋን ቦታዋ ላይ አስቀመጥኩት። ከኋላ አንዱ "ዝምተኛዋ ከቦርሳ ጋር ልታወራ ነው" አለ። ሳቁ። ዘሃራ ብትኖር ልኩን ትነግረው ነበር። ለእኔ የምትመልስልኝ እሷ ናት።

ከትምህርት በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። እናቷ እትዬ መዲና "አብሽሪ ልጄ፣ ግቢ" አሉኝ። ዘሃራ ቀና ብላ አላየችኝም። የነገሩኝ እናቷ ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ እንዲህ ያለ የጠመንጃ ማነጣጠሪያ ነጥብ በመስኮት ገብቶ ግድግዳቸው ላይ ይዞር ነበር። አንድ ማታ የእትዬ መዲና ሻሽ ላይ ቆመ። ቆየ። ከዚያ ሄደ። ተኩስ አልተከተለውም። "ወላሂ፣ ከየት እንደሚመጣ እንኳ አላየንም።"

ቅዳሜ ሮቢት ከተማ አክስቷ ጋ ሊልኳት ነው፣ ሱቅ ልትጠብቅ። "እንዲህ ከምትሸበርብኝ ትምህርቱ ይቅርባት" አሉ።

እንዳትሄድ ማለት ፈልጌ ነበር። ሻይዬን ጠጥቼ ወጣሁ።

ሐሙስ

ስሄድም ስመለስም አንድ ነገር አስብ ነበር። እኛም ያየነው ነጥቡን እንጂ መንገዱን አይደለም። ከመምህሩ እጅ እስከ ግድግዳው ድረስ መሀሉ ባዶ ነበር።

መምህራን ቢሮ ሄድኩ። ከበሩ ተመለስኩ። እንደገና ሄድኩ። ስለ ዘሃራ ነገርኳቸው፤ ሁሉንም አይደለም፣ የሚበቃውን ያህል። ፊታቸው ተለወጠ። "ምነው ቀድሜ በጠየቅኩ" አሉ። ሌዘሩን ሁለተኛ አላመጣውም አሉ።

"አይ ቲቸር፣ ያምጡት። መንገዱን ማየት ይቻላል?"

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

ብርሃን የሆነ ነገር ነክቶ ወደ ዓይናችን ካልመጣ አይታይም፣ አየሩ ላይ አቧራ ያስፈልጋል አሉ። ከዚያ ትንሽ ፈገግ ብለው "አቧራ ደግሞ ቆቦ ላይ ጠፍቶ ነው?" አሉ።

ቤታቸው ሄጄ ለዘሃራ ነገርኳት። ከየት እንደሚነሳ ታያለሽ፣ ካስጠላሽ በሩን እኔ እከፍትልሻለሁ አልኳት። ቦርሳዋን ተቀበለችኝ።

አርብ

መጣች። በሩ አጠገብ ቆመች እንጂ አልተቀመጠችም።

መምህሩ መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቁ፤ ማክሰኞ ሳይነግሩን በማብራታቸው። ሌዘሩን ጠረጴዛ ላይ አስተኙት፣ አፉን ወደ ሰሌዳው አዞሩት፣ "አሁን ላበራ ነው" አሉ። እኔ ሁለት ዳስተር እርስ በርስ አጋጨሁ። የጠመኔው አቧራ ቦነነ። ከጠረጴዛው እስከ ሰሌዳው ቀጥ ያለ ቀይ ክር ታየ። አቧራው ሲረግፍ ጠፋ። ደግሜ አጋጨሁ።

ከዚያ የኋላው ልጅ እያሳለ "ዝምተኛዋ በጠመኔ ልታፍነን ነው!" አለ።

"አንተ አፍህን ከዘጋህ አይገባብህም" አለች ዘሃራ።

በክሩ ዳር ዳር ቀስ እያለች መጣች። መዳፏን አስገባች። ነጥቡ ከሰሌዳው ጠፍቶ መዳፏ ላይ ተቀመጠ። ጨበጠችው፣ ዘረጋችው።

"አይሞቅም" አለች።

ቀጥሎ ሒሳብ ነበር። ስለ ሮቢት አላነሳችም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። ዴስካችን ጋ ስንደርስ ቆም አለች። "ከዛሬ ጀምሮ መስኮቱ ጋ አንቺ ሁኚ" አለችኝ።

ከዛሬ ጀምሮ ነው ያለችው፤ ለዛሬ ብቻ አላለችም።

ተቀያየርን። እስከ ደወሉ ድረስ መስኮቱን ከልዬላት ቀና ብዬ ተቀመጥኩ።