ማን ያበስልልሻል?

ለልጄ አባት፣

እንደምን ከረምክ? ወገብህስ ተሻለህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ፤ ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽህም።

ደብዳቤህ ደረሰኝ። እንደ ድሮው የሚያነብልኝ ሰው አልፈለግሁም፤ በስተርጅና የቆጠርኩት ፊደል ለዚህ ጠቀመኝ። ሌላ ሰው ቢያነብልኝ አፍር ነበር። ናይሮቢ መጥተህ ከእኔ ጋር ልትኖር እንዳሰብክ፣ የአዲስ አበባ የሆቴል ምግብ ሆድህን እንደጎዳው፣ የእጄ ወጥ እንደናፈቀህ ጽፈሃል። ስጨርሰው ደንግጬ ተቀመጥኩ። ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን አየሁ። ጤናዬን የሚጠይቅ አንድ ቃል የለበትም።

እንግዲያው ሳትጠይቀኝ ልንገርህ። ያ ድካሜ፣ አንተ ስንፍና ነው እያልክ ለጎረቤት ስታወራው የኖርከው፣ ጥለኸኝም የሄድክበት፣ በሽታ ነው። ስም አለው። ልጃችን አቢግያ ጊጊሪ ካለው መሥሪያ ቤቷ ፈቃድ ጠይቃ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ከእንቅልፌ ስነሳ እንኳ እንደ ተደበደበ ሰው እንደምነሳ ነገርኩት። ምን ትበያለሽ አለኝ። ሻይ በስኳርና ዳቦ፤ ለእንግዳ ካልሆነ ለራሴ ብዬ ድስት ጥጄ አላውቅም አልኩት። ልጅህ እያስተረጎመች ቆይታ፣ "ማሚ፣ ፕሊስ! ይሄን ለምን ደበቅሽኝ?" ብላ ጮኸችብኝ። እኔ መቼ ደበቅሁ? እንዲህ መብላት ነውር መሆኑንም አላውቅም ነበር።

ሐኪሙ ምግብ በሽታውን አይነቅለውም፣ ያለሽን አቅም ግን ይደግፍልሻል አለኝ። እስኪያዞረኝ ሳልጠብቅ ቶሎ ቶሎ ጥቂት እንድበላ፤ እንቁላል፣ ምስር፣ ሱኩማ የሚሉትን ጎመናቸውን። ሽንኩርት ስከትፍ እንድቀመጥ። ደህና በሆንኩ ቀን አብዝቼ ሠርቼ ፍሪጅ ውስጥ እንዳኖር። ከዚያ ብዕሩን አስቀመጠና፣ "በደከመሽ ቀን ማን ያበስልልሻል?" አለ።

አቢግያ የተሳሳተች መስሎኝ ድገሚልኝ አልኳት። ያንኑ ደገመችው። ከተዳርኩ ጀምሮ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። በእኔ ፈንታ አቢግያ መለሰችለት።

እዚህ ኢምባካሲ፣ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ፣ አቶ አስመሮም የሚባሉ ኤርትራዊ አሉ። ኤርፖርት ጭነት ክፍል ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው ሰው ናቸው። ነገሩን ከአቢግያ ሰምተው የምስር ወጥ ይዘው መጡ። ወንድ ያበሰለው ወጥ ቤቴ ሲገባ በሩን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። "ምን ያስደነግጥሻል? ሚስቴ ታማ ሳለች ነው የተማርኩት፤ የመጀመሪያውን ውሻም አልቀመሰው" አሉኝ። ሳቅሁ። ተቀምጬ፣ በትኩሱ፣ "ጨው ጨምሪ፣ ውሃ አምጪ" የሚለኝ ሳይኖር በላሁ። ሰው እንዲህ ነው እንዴ የሚበላው? እንባዬ መጣ፤ በርበሬው ነው አልኳቸው። ሳህኑን ራሳቸው አጠቡት። በማግስቱም መጡ።

ስለ መምጣትህ፣ አገሩ የእኔ አይደለምና ልከለክልህ አልችልም። ሁርሊንግሃም የሐበሻ ምግብ ቤት ሞልቶታል፤ እዚያው አጠገብ የሚከራይ ክፍል እንድትፈልግልህ ለአቢግያ ነግሬያታለሁ። እኔን ልትጠይቅ የምትመጣ ቀን ግን አስቀድመህ ደውል። ምሳ የምንበላው በስድስት ሰዓት ነው፤ አስመሮም ደግሞ ለስንት ሰው እንደሚያበስል ሳያውቅ ድስት አይጥድም።

እግዚአብሔር ወገብህን ይጠግንልህ፤ የምትጎርሰውንም አያሳጣህ።

የአቢግያ እናት