የደምለው መንጋጋ

ጥር ፳፫ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.
ደብረ ማርቆስ

ለክቡር የአገረ ገዥው ጽሕፈት ቤት ሹም
ደብረ ማርቆስ

ጉዳዩ፦ በእስር ላይ ያለው ጓደኛችን ደምለው አንለይ የተሰበረው መንጋጋ ሥሩ እንዲነቀልለት፣ የተያዘበትም ነገር እንደ ገና እንዲታይለት ስለ መለመን

ክቡር ሆይ፤

እኔ አመልካቹ የሽዋስ አወቀ፣ ትውልዴ ደምበጫ፣ በከተማው ሕክምና ቤት የጥርስ ክፍል ረዳት ተማሪ የሆንሁ፣ ከዚህ በታች ያለውን በትሕትና አመለክታለሁ። ጽሕፈቴ ስለ ረዘመ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ላሳጥረው ሞክሬ ነበር፤ ሲያጥር ደምለው ወንጀለኛ እየመሰለ አስቸገረኝ።

፩ኛ/ ደምለው አንለይ፣ እንዳላማው አበረና እኔ ያንድ ቅኔ ቤት ልጆች ነን። ባንድ ጎጆ አድረናል፣ ያንዱን በሶ አንዱ በልቷል። ጊዜው ሲከፋ ጉባኤው ተበተነ፣ መምህራችንም ወደ ዘመዶቻቸው ሄዱ፣ እኛ ወደ ከተማ መጣን። ጣሊያናዊው የጥርስ ሐኪም ፊደል የቆጠረ ረዳት ይፈልግ ስለ ነበር ሦስታችንንም ባንድ ቀን ቀጠረን። ዕቃ መቀቀልን፣ ጥርስን በየስሙ መለየትን፣ የሕመምተኛ ራስ መያዝን፣ ኋላም መንቀልን አስተማረን። በደንብ ነው ያስተማረን፤ ይህን አልክድም። በመጀመሪያው ቀን እንዳላማው ደም አይቶ ዘፍ ብሎ ወደቀ። ደምለው እስከ ታሰረበት ጊዜ ድረስ በዚህ ሲስቅበት ኖሯል።

፪ኛ/ ሐኪሙ ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ጠርሙስ ሰጠን። የነቀልነውን ጥርስ በየጠርሙሳችን እንድናስቀምጥ፣ ብዙ የነቀለው አንድ ሰው ለትምህርት እንደሚላክ ነገረን። እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስቱንም ጠርሙስ ጨርቅ ላይ ገልብጠን እኩል ተካፈልን። ተንኮል አስበን አይደለም። ተማሪ የለመነውን ቁራሽ ሁሉ አንድ ላይ አፍስሶ ነው የሚካፈለው፤ ደግ ቤት የገጠመው፣ ውሻ ካባረረው ጓደኛው አብልጦ አይበላም። ጥርሱንም እንዲሁ አደረግነው፤ ሌላ አሠራር መኖሩም ትዝ አላለን። ሐኪሙ ጠርሙሶቹን ሲያይ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተቆጣ። አታላዮች ናችሁ አለን። የቱን ማን እንደ ነቀለው ቢጠይቀን እንነግረው ነበር፤ አልጠየቀንም።

፫ኛ/ በኅዳር ወር ትእዛዝ መጣ። የጥርስ ሕክምና የሚያስተምሩ ቤቶች ሁለት ናቸው፣ አንዱ አስመራ፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ ለእናንተ ያለው ቦታ ግን አንድ ነው ተባልን። እያንዳንዳችን የምንመርጠውን ትምህርት ቤት ለየብቻችን ጽፈን፣ ከሁለቱ ጓደኞቻችን በምን እንደምንሻል ገልጸን እንድናቀርብ ታዘዝን።

ምክንያቱን ልጽፍ ተቀመጥሁ። ከእነሱ በምን እንደምሻል አሰብሁ። ደምለው እጁ ከእኔ ይፈጥናል። እንዳላማው ሕመምተኛ ማባበል ያውቃል፤ እሱ ዘንድ የመጣ ሰው ጥርሱ መነቀሉን የሚያውቀው ከተነቀለ በኋላ ነው። እኔ ደግሞ ጽሕፈቴ ደህና ነው። ይህንኑ ጽፌ ብሰጥ የሚመረጠው ጥርስ ነቃይ መሆኑ ቀርቶ ጸሐፊ ሊሆን ነው። መማሩን ሳልፈልገው ቀርቼ አይደለም። እጅግ እፈልገው ነበር። በሰው አገር እየዞረ ከሚለምን ተማሪ ተነሥቶ በየገበያው ሰውን ከሥቃይ የሚያሳርፍ ሰው መሆን ቀላል ነገር አይደለም። ሦስታችንም ስለዚሁ ነበር የምናወራው። ግን ወረቀቱ ላይ የምጽፈው ጠፋኝ፣ ተውሁት።

፬ኛ/ ክቡርነትዎ የአገራችንን የተማሪ ወግ ላያውቁት ይችላሉና ልግለጸው። ተማሪ መምህር ሲቀይር በወሬ ብቻ አይነሣም። ጓደኛሞች የሆኑ እንደ ሆነ አንዱ እግረ ቀላል ቀድሞ ይሄዳል። መምህሩ ቁጡ ናቸው ወይ፣ ውሃው ቅርብ ነው ወይ፣ ባላገሩ ለተማሪ ይሰጣል ወይ፣ የሰፈሩ ውሻ እንዴት ነው፣ ይህን ሁሉ አይቶ ይመለሳል። የቀሩት ድርሻውን እያስቀመጡ ይጠብቁታል። እሱ ሳይመለስ ማንም አይመርጥም። እኛም የምናውቀው መንገድ ይኸው ነው። አስመራ ሩቅ ነው፤ አዲስ አበባን ግን አንድ ሰው ሄዶ ቢያየው ስለ ሌላውም እዚያው ይጠይቃል አልን። ደምለው፣ እግር ያለኝ እኔ ነኝ፣ እናንተ እኮ ደጀንም አትደርሱ፣ ብሎ ተነሣ። እንዳላማው በዚህ ተናደደበት፤ በሶውን የቋጠረለት ግን እሱው ነው።

፭ኛ/ የይለፍ ወረቀት ሳንጠይቅ አልቀረንም። ይለፍ የሚሰጠው ለተመረጠው ተማሪ ብቻ ነው ተባልን። ለመመረጥ ትምህርት ቤት መምረጥ ነበረብን፤ ለመምረጥ ደግሞ ማየት ነበረብን። ስለዚህ ደምለው ያለ ወረቀት ሄደ። ጥፋት ከተባለ ጥፋቱ ይህ ነው። ይህም የሦስታችን ምክር ነው። አንዱ ታስሮ ሁለቱ በደጅ የሚሄዱበት ምክንያት አልገባኝም።

፮ኛ/ በታኅሣሥ የበቅሎ ነጋዴዎች ዓባይ በረሀ ላይ አግኝተውት መልእክቱን አመጡልን። አይቼው መጣሁ፣ ብዙ የምነግራችሁ አለ፣ ድርሻዬን እንዳትበሉብኝ፣ የሚል ነው። ደስ አለን። እንዳላማው ጎጆውን ጠረገ። ከዚያ በኋላ የሰማነው ቁይ ገበያ ላይ ተይዞ ወደዚህ መምጣቱን ነው።

ቁይ ላይ ምን ይሠራ እንደ ነበር ልናገር። ስንቁ ስላለቀበት በየገበያው ጥርስ እየነቀለ እንጀራ ይበላ ነበር። ጉጠት ይዞ መገኘቱ እውነት ነው፤ ሐኪሙ አርጅቷል ብሎ የጣለው ጉጠት ነው። ቁይ ላይ መንጋጋ ከነቀለላቸው ሰዎች የአንዱ ወንድም ጫካ ገብቷል ተባለ። ደምለው ይህን ከየት ያውቃል? ጥርሱን የታመመ ሰው አፉን ይከፍታል እንጂ የወንድሙን ነገር አያወራም። ሊያወራ ቢፈልግም ጉጠት አፉ ውስጥ ነው። ይህን የጻፍሁት ለማላገጥ አይደለም፤ ነገሩ እንዲህ ስለ ሆነ ነው።

፯ኛ/ ከጥምቀት በኋላ እኔና እንዳላማው ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ለየብቻችን ተጠራን። ደምለው የሽፍታ መልእክተኛ ነው ብሎ ቀድሞ የፈረመ የትምህርቱን ቦታ ያገኛል ተባልን። ለእኔ እንዳላማው ፈርሟል አሉኝ። ለእንዳላማው የሽዋስ ፈርሟል አሉት። ሁለታችንም አልፈረምንም ነበር። ጎጆ ገብተን ምሳ ቀርቦ ማንም እጁን አልሰደደም። በመጨረሻ እንዳላማው ፈርመህ እንደ ሆነ ንገረኝ፣ አልቆጣም፣ አለኝ። እኔም ያንኑ ልለው ነበር።

ክቡር ሆይ፣ እስር ያስፈራል፤ እኔ ግን በዚያ ቀን የፈራሁት ሌላ ነው። ፈርሟል ሲሉኝ አምኛቸው ነበር። ጥቂት ጊዜ ነው፣ ግን አመንኋቸው። እሱም በእኔ ላይ አምኗቸው ነበር። ጠርሙሳችንን ያለ ቆጣሪ የተካፈልን ሰዎች ነን። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ሲናገር ይሰማኛል፣ እህል እቀምሳለሁ፣ ሌላ የሚሰማኝ ነገር የለም።

ይህ ጽሕፈት በአስተርጓሚ እንደሚነበብልዎ አውቃለሁ። ፈርሟል የሚለውን ነገር ለሁለታችንም ያደረሱት አስተርጓሚው ናቸው። ታዝዘው ይሆናል፤ አልፈርድባቸውም። ይህንንም አንቀጽ ግን ሳይዘሉ እንዲያነቡልኝ እለምናቸዋለሁ።

፰ኛ/ ባለፈው ሰኞ እስረኞቹ ለመንገዱ ሥራ ድንጋይ ሲሸከሙ ደምለውን አየነው። ማነጋገር ክልክል ነው። አጠገባችን ሲደርስ አፉን ከፈተልን። ስንለማመድ አንዱ ላንዱ የሚከፍተው እንዲሁ ነበር። ያየሁትን እንደ ተማርሁት እጽፋለሁ። ከላይ የፊት ሁለቱ ጥርሶች የሉም። ከታች በስተቀኝ አንዱ መንጋጋ ከድዱ ላይ ተሰብሯል፣ ሥሩ ውስጥ ቀርቷል። ድዱ ጠቁሮ መግል ቋጥሯል። አፉ ከሁለት ጣት በላይ አይከፈትም። ጉንጩ አብጧል፣ እብጠቱም ከአገጩ በታች ጀምሯል። ጥርሶቹ ሲታሰር ሙሉ ነበሩ፤ በምን እንደ ተሰበሩ ግን አልጻፍሁም፣ በቦታው አልነበርሁምና።

እንዲህ ያለ እብጠት አንገት ላይ ከደረሰ ጉሮሮ ይዘጋል፣ ሰውየውም ይሞታል። ይህን ያስተማረን ራሱ ሐኪሙ ነው። ሄደን ለመንነው። የአገሬው እስረኛ ያለ ሹሙ ትእዛዝ አይነካም አለን። ፊቱን አዙሮ ነው የተናገረው። ትእዛዙ ከመጣ ግን ጉጠትና የተቀቀለ ጨርቅ እንደሚሰጠን ነግሮናል።

እናቱ ወይዘሮ የብርጓል ከሮብ ገበያ መጥተው እስር ቤቱ በር ላይ ተቀምጠዋል። በሶውን አቅጥነው ይልኩለታል፤ ትናንት ሳይነካ ተመለሰላቸው። ልጄ፣ በጣም ያመው ይሆን? ብለው ጠየቁኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሲቆይ ይደነዝዛል አልኋቸው። እውነት ነው፣ ይደነዝዛል። ተመስገን አሉ። የቀረውን አልነገርኋቸውም። ከዚያ ወደ ሥራዬ ሄጄ የአንዲት ሴት መንጋጋ ነቀልሁ፤ ሐኪሙም አመሰገነኝ። ማልቀስ ነበረብኝ መሰለኝ፤ እንባው አልመጣ አለኝ።

፱ኛ/ የትምህርት ቤት ምርጫችሁን እስካሁን ለምን አላቀረባችሁም ተብለን በጽሕፈት ተጠይቀናል። በእምቢተኝነት አይደለም። አይቶ የመጣው ደምለው ነው፤ እሱ ደግሞ ገና አልነገረንም። ቦታው ይህን ያህል ካልቆየ ለሌላ ሰው ይሰጥ፤ ቅር አይለንም። እንዳላማውም በዚህ ተስማምቷል፤ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ነው።

፲ኛ/ ስለዚህ የምንለምነው፤

ሀ/ ደምለው ያለ ይለፍ ከመሄዱ በቀር ሌላ ወንጀል እንደሌለበት ተጣርቶ፣ እኔና እንዳላማው በሕይወታችን ዋስ ሆነን እንዲለቀቅልን፤

ለ/ ይህ ጊዜ የሚወስድ ከሆነ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ወደ እስር ቤቱ ገብተን የመንጋጋውን ሥር እንድንነቅልለት፣ መግሉንም እንድናፈስለት ዛሬውኑ እንዲፈቀድልን ነው። ነገ ማለት እፈራለሁ። ከሁለቱ አንዱ ብቻ የሚፈቀድ ከሆነ ይህኛው ይፈቀድልን፤ መፈታቱ በሕይወት ካለ ይደርሳል።

ከትናንት በስቲያ ይህንኑ በቃል አመልክተን ነበር። ቢፈቀድም ለአንዳችሁ ነው፣ እሱም ለፈረመው ነው፣ የሚል መልስ ተሰጠን። ክቡርነትዎ ይህን ያሉት ሥራውን ስላላዩት ይሆናል ብዬ ላስረዳ። የተሰበረ ሥር በአንድ ሰው አይነቀልም። ማደንዘዣ ለእስረኛ አይሰጥም ተብለናል። ስለዚህ አንዱ ከኋላ ቆሞ የሕመምተኛውን ራስ ከደረቱ ጋር አጥብቆ ይይዛል፣ አንዱ ከፊት ሆኖ ይነቅላል። የሚይዘው ከሌለ ሕመምተኛው ሲወራጭ ጉጠቱ ይስታል፣ መንጋጭላው ይሰበራል፣ ያን ጊዜ ባንገባ ይሻል ነበር። ዘበኛ ይያዝላችሁ እንዳይባል፣ ደምለው የዘበኛ እጅ ሲነካው ይሸሻል፤ ሰኞ ዕለት አይቼዋለሁ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ በዚህ ነገር አንዳችንን አይምረጡ። ሁለታችንም ከእናቱ ጋር በሩ ላይ ነን። ራሱን ማን እንደሚይዝለት፣ ማን እንደሚነቅልለት እኛው እንስማማለን።

ትእዛዝዎን ቆመን የምንጠብቅ፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤

የሽዋስ አወቀ (ፊርማ)

ከላይ በተጻፈው ሁሉ አለሁበት፤
እንዳላማው አበረ (ፊርማ)