የሚያሳየው መስታወት

አስቻለች እህቴ፣

እንቅልፍ ስለወሰደሽ አልቀሰቀስኩሽም። ለባልሽ ለካሣዬ ስንቅ ይዤ ወደ ቀበሌ ወጥቻለሁ።

መስታወት ገጣሚው ሬድዋን በሦስት ሰዓት ከዊንጌት ይመጣል። በሳሎኑና በጸሎት ክፍሉ መሃል ባለው ተጣጣፊ በር አራቱም መዝጊያዎች ላይ ያለውን መስታወት በማያሳይ ይቀይርልሽ። ሦስተኛውን ከፍ አድርገሽ ሳቢው፤ አለዚያ ከሐዲዱ ይወጣል። መስታወቱን የሚያጣብቅበት ስቱኮ እስኪደርቅ አይነካ። አሮጌውን መስታወት ይዞት ይሂድ፤ ማየት አልፈልግም።

ቤተ ክርስቲያናችን በመንግሥት ታሽጋ ለጸሎት ብለን ተጨማሪውን ክፍል ስናሠራ፣ አንቺ የማያሳየው ይሁን ብለሽ ነበር። ሳሎኑ ይጨልማል ብዬ የተሟገትኩሽ እኔ ነኝ።

ሐሙስ ዕለት የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ለስብሰባ ሊጠራን ሳሎን ገብቶ፣ በመስታወቱ አሻግሮ ተንበርክከን ስንጸልይ አየን። ካሣዬ «አባወራው እኔ ነኝ» ብሎ ተከትሎት ሄዶ ታሰረ። ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር።

ሽሮው ምድጃው ላይ ነው። ብዪ።

ትናንት ስንቁን ተቀበሉኝ ያልኩሽ ውሸቴን ነው። በር ላይ ያለው ሰው «ከእንግዲህ አታምጪ» ብሎ ሳህኑን እንዳለ መለሰልኝ። ማታ የበላነው የካሣዬን ስንቅ ነው።

ዛሬም ይዤለት ሄጃለሁ።

ደሳለች