አባትህ ቤቱን ሊያወርስ ሲል

ይድረስ ለበኩር ልጄ፤ ጤናህ እኔ እንደምመኝልህ ይሁን። እኛ ደህና ነን።

አባትህ «ዓይኔ እያየ ቤቱንና የእንጨት ሥራ ሱቁን ላከፋፍል፤ ልጆቼ ኋላ እንዳይካሰሱ» ብሎ ጠበቃ አስጠራ። ጠበቃው «ልጆችዎ ስንት ናቸው?» አለው። «ሁለት» ብሎ እህትህንና ታናሽህን ጠራ። እኔ «ትልቁስ?» ስለው፣ «የማን ትልቅ?» አለኝ። ቀልዱን ታውቀው የለ፤ ሳቅሁ። ጠበቃው ግን አልሳቀም። ብዕሩን ኪሱ ከትቶ «እናቴ፣ ዛሬ ማስፈረም አልችልም» ብሎኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አባትህ ኮቱን ለብሶ በር ላይ ይጠብቀዋል፤ እኔም «ይመጣል» እለዋለሁ።

አንተ ስለ ቤቱ አታስብ። ብቻ ቶሎ ቶሎ ደውል፣ ድምፅህን ይስማ። ስትደውልም፣ ሆዴ፣ አስቀድመህ ማን እንደሆንክ ንገረው።

በደህና ያገናኘን።
እናትህ