ከጠረጴዛ ቴኒሱ ጀርባ ስላለው ክፍል

ቀን፦ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2025

ለወረዳው የሕዝብ አቤቱታና ደብዳቤ መቀበያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሼንዠን

ጉዳዩ፦ ተጢሶ ይጣል የነበረው የኤሌክትሪክ ሲጋራ ያለ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ቻርጅ እንዲደረግ ሆኖ ስለ መቀየሩ፣ የሚፈተሽበትም ክፍል ሰው እንደተቆለፈበት ሳይቃጠል በአስቸኳይ እንዲታይልኝ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካቿ ሉዎ ሚንፌን እባላለሁ። ዕድሜዬ አርባ ስምንት ነው። ትውልዴ ሁናን ሲሆን ወደዚህ ከተማ ከመጣሁ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። የኤሌክትሪክ ሲጋራ በሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ፤ ሠራተኛው «እትዬ ሉዎ» ይለኛል። የፋብሪካውን ስምና አድራሻ በታሸገው ትንሽ ፖስታ ውስጥ ለብቻው ያደረግሁት ይህ ወረቀት ብዙ ጠረጴዛ ስለሚያልፍ ነው። ፈርቼ ነው። ፍርሃቴን ደብቄ ልጽፍ ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ስለዚህ ከወዲሁ ይታወቅልኝ። ባለፈው ሰኞ በጽሕፈት ቤትዎ ደጃፍ የሚቀመጠው ሠራተኛ የመጀመሪያውን ደብዳቤዬን አገላብጦ አይቶ «እትዬ፣ በቁጥር አድርጊው፤ ለቅሶውንም ቀነስ አድርጊው» ብሎ መልሶልኛል። በቁጥር አድርጌዋለሁ።

1. እስካለፈው ዓመት ድረስ የምንሠራው ተጢሶ የሚጣለውን ነበር። ውስጡ በፈሳሽ የራሰ ጥጥ፣ ጥጡን የሚያሞቅ ቀጭን ሽቦና የትንሽ ጣት ያህል ባትሪ አለው። ባትሪው አንዴ ሞልቶ ይገባል፤ ሲያልቅ ዕቃው ከነባትሪው ቆሻሻ ውስጥ ይወረወራል። ባሕር ማዶ ያሉ ገዢዎቻችን ይህ በሕግ ስለተከለከለባቸው «ቻርጅ የሚደረግ አድርጉልን» አሉ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ኩዋንግ ሰብስቦን «ከታች አንድ ቀዳዳ መብሳት ነው፤ ይኼ ምኑ ያስጨንቃል?» አለን። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ።

2. ነገሩ ቀዳዳ መብሳት ብቻ እንዳልሆነ እሱም እኔም እናውቅ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ እንዲያገለግል የተገዛ ርካሽ ባትሪ ደጋግመው ሲሞሉት ያብጣል። ሞልቶም ኤሌክትሪኩ ካልተቋረጠለት ይፈነዳል። ስለዚህ ለናሙናው ጠንካራ ባትሪ ተገዛለት፤ ሲሞላ ኤሌክትሪኩን የምትቆርጥ የጥፍር ያህል ሰሌዳም ገባችለት። ናሙናው ፈተናውን አለፈ። በማርች ወር ዋናው ምርት ሲጀመር ግን ጠረጴዛዬ ላይ የመጣው የድሮው ባትሪ ነበር። ሰሌዳዋ የለችም፤ ቀዳዳው ብቻ አለ። ምነው ብዬ ብጠይቅ አቶ ኩዋንግ «ናሙናው አልፏል አይደል እንዴ? እሱ ያለፈው ለወንድሞቹም ነው» አለኝ።

3. ፈርሜያለሁ። «እንደ ናሙናው ነው፤ ጉድለት የለበትም» በሚሉ አሥራ አራት ወረቀቶች ላይ ስሜን ጽፌ፣ አውራ ጣቴን በቀይ ቀለም ነክሬ አትሜያለሁ። ማንም እጄን አልጠመዘዘኝም። የዚያኑ ሳምንት ለልጄ የተሻለ ቦታ እንዲሰጣት ለምኜው ስለነበር «እምቢ» የምልበት አፍ አልነበረኝም።

ልጄ ፔንግ ያሊ ትባላለች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። እዚያው ፋብሪካ ውስጥ ብየዳ ላይ ሁለት ዓመት ቆማ ሠርታለች፤ የብየዳው ጭስ ዓይኗን ስለጎዳው ሲመሽ መንገድ ስትሻገር እጇን ይዤ ነበር የማሻግራት። ስለዚህ ከአገሬ የመጣ ሁለት ጣሳ ሻይ ይዤ አቶ ኩዋንግ ዘንድ ገባሁ፤ ተቀምጣ የምትሠራበት ቦታ እንዲሰጣት ለመንሁት። ሰጣት። «ማርጃ ክፍል ወንበር አለው፤ እዚያ ትግባ» አለ። እኔም ጎንበስ ብዬ አመሰገንሁ። ይህን ወንበር ለልጄ ያመጣሁላት እኔ ነኝ፤ የተቀረውን ሁሉ ሲያነቡ ይህን እንዳይረሱብኝ እለምናለሁ።

4. «ማርጃ ክፍል» የምንለው አዲሱ ዕቃ ለገበያ ሳይወጣ እየሞላ፣ እየጎደለ፣ ደግሞ እየሞላ የሚያረጅበትን ነው። በሦስተኛው ፎቅ የስብሰባ አዳራሽ ጀርባ ይገኛል። እስከ ጣራው በሚደርሱ መደርደሪያዎች ላይ ስድስት ሺህ ሲጋራ በአንድ ጊዜ ይሰካል። መስኮቱ በብረት ተከድኗል። በሩ አንድ ብቻ ነው፤ ዕቃ ይሰረቃል ተብሎ ከውጭ ይቆለፋል፤ ቁልፉ አቶ ኩዋንግ ወገብ ላይ ነው። ውስጥ ያሊና ሁለት ሴቶች አሉ። ሥራቸው በመደርደሪያዎቹ መካከል እየዞሩ ያበጠውን ባትሪ ለይቶ አሸዋ የተሞላ ባልዲ ውስጥ መክተት ነው። ያበጠውን «ዳቦ» ይሉታል። በምሳ ሰዓት የብየዳ ሴቶች ልጄን ሲያዩ «ያሊ፣ ዛሬ ስንት ዳቦ ጋገርሽ?» ይሏታል። እሷም «ለናንተ የሚበቃ!» ትላለች። ይሳሳቃሉ። እኔ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሩዝ መዋጥ ካቃተኝ አምስት ወር ሆኖኛል።

5. በኤፕሪል 9 ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ አንድ ዳቦ ባልዲው ሳይደርስ ፈነዳ። ከታች ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ድምፁን ሰማሁ። ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። በሩ ተቆልፎ ነበር፤ በሩን በሁለት እጄ ስደበድብ ከውስጥ የሚወጣው ጭስ እንደ ፕላስቲክም እንደ ጣፋጭ ፍራፍሬም ይሸት ነበር፤ የዚያ ዕለት ምርት የሐብሐብ ጣዕም ነበረው። ቁልፉ እስኪመጣ ሰባት ደቂቃ ያህል ፈጀ። ያሊ አሸዋውን በእጇ እየዛቀች አጥፍታው አገኘኋት። እጀታዋ ተቃጥሏል፤ ቆዳዋ ግን ድኗል። አቶ ኩዋንግ ለተሰበሰበው ሠራተኛ «የአዲስ ዓመት ርችት ተርፎ ነው፤ ወደየሥራችሁ!» አለ። የቻይና አዲስ ዓመት ካለፈ ከሁለት ወር በላይ ሆኖት ነበር። በማግስቱ አሥረኛውን ወረቀት አመጡልኝ፤ እሱንም ፈረምሁ።

6. በሜይ ወር ተቆጣጣሪዎች መጡ። ከየት እንደመጡ አልተነገረንም፤ እንደሚመጡ ግን ከአንድ ሰዓት በፊት ይታወቅ ነበር፤ ማን እንደነገረ አላውቅም፤ ማንንም አልከስም። በድምፅ ማጉያው «እንግዳ አለ፣ ሻይ ይፈላ!» ሲባል ሁሉም የሚሠራውን ያውቃል። የማርጃ ክፍሉን በር በነጭ ቆርቆሮ ተጣጣፊ ግድግዳ ይጋርዱታል። ከፊቱ የጠረጴዛ ቴኒስ ይዘረጋል፤ ስድስት ሴቶች ቀይ ቲሸርት ለብሰን እንሰለፋለን፤ ቦታው «የሠራተኞች መዝናኛ» ይሆናል። እኔ የምመረጠው ጨዋታውን ስለምችል ነው፤ በወጣትነቴ የድሮው ፋብሪካችን አሸናፊ ነበርሁ። አቶ ኩዋንግ ጆሮዬ አጠገብ መጥቶ «እትዬ ሉዎ፣ አደራ እንዳታሸንፊ» አለኝ።

የተሰኩት ባትሪዎች መሐል ላይ ከተቋረጡ ፈተናው ስለሚበላሽ ከግድግዳው ጀርባ ኤሌክትሪኩ አልጠፋም። የሚጠብቅ ሰው ስለሚያስፈልግም ያሊና ባልደረቦቿ እዚያው ውስጥ ቀሩ።

ከተቆጣጣሪዎቹ አንዱ፣ ደግ ፊት ያለው ሰው፣ ኮቱን አውልቆ «እስቲ እኔም ልሞክር» አለ። አርባ ደቂቃ ተጫወትን። አንድ ኳስ አምልጦኝ ግድግዳው ሥር ተንከባለለ፤ ላነሣ ጎንበስ ስል ሚዛኔን ለመጠበቅ እጄን ቆርቆሮው ላይ አሳረፍሁ። ይፋጅ ነበር። ከወዲያ በኩል ልጄ አለች፤ ከወዲህ በኩል ሊያድነን የሚችል ሰው ራኬት ይዞ ፈገግ ብሎ ይጠብቀኛል። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ኳሱን አነሣሁ፤ ተመለስሁ፤ ተሸነፍሁለት። ሰውዬውም «ሠራተኞቻችሁን በደንብ ይዛችኋል» ብሎ አቶ ኩዋንግን አመስግኖ ሄደ።

በሩ ሲከፈት ያሊ ልብሷ ከላብ የተነሣ ገላዋ ላይ ተጣብቆ ወጣች። ውኃ ከጠጣች በኋላ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል «እማ፣ ስትሸነፊ ሰማሁሽ። አንቺ እኮ እንዲህ ያለ ኳስ አትስቺም» የሚል ነው። ጨዋታውን በልጅነቷ ከመኖሪያችን ግቢ የሲሚንቶ ጠረጴዛ ላይ ያስተማርኋት እኔ ነኝ፤ በድምፁ ብቻ ማን እንደሳተ ትለያለች።

7. ሥራውን ለቅቃ እንድትወጣ ለምኛታለሁ፤ ተቆጥቻታለሁም። «እኔ ብወጣ ወንበሩ ባዶውን ይቀራል? ብየዳ ላይ ያለችውን የእትዬ ዱን ልጅ ነው የሚያስቀምጧት። እሷ ደግሞ ዳቦውን ከደኅናው አትለይም፤ በእጇ ነው የሚፈነዳባት» አለችኝ። ሌላ ጊዜ ደግሞ «ለመሆኑ ዕቃው ጉድለት የለበትም ብሎ የሚፈርመው ማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ መሆኔን አልነገርኋትም። ከልጄ በፊት ይህን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

8. አቤቱታዬን ዛሬ ያስቸኮለው፣ በኦክቶበር መጀመሪያ ካለው በዓል በፊት በመርከብ የሚሄድ ትልቅ ትእዛዝ ስላለ ከሴፕቴምበር 20 ጀምሮ መደርደሪያዎቹ በእጥፍ እንደሚሆኑ መነገሩ ነው። አሥራ ሁለት ሺህ ይሰካል። የአሸዋው ባልዲ ግን ያው ሁለት ነው። የፈሩት ይደርሳል ሲባል እየሰማሁ አድጌያለሁ፤ እንዳይደርስ ማድረግ የሚችል ሰው ዘንድ ሳልሄድ ብቀር ግን የደረሰው በእኔ እጅ ነው።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ሳይደርቅ በእርጥቡ እንዲደርሱልኝ የምለምነው የሚከተለውን ነው። የማርጃ ክፍሉ ቁልፍ ዛሬውኑ ይነሣ፤ ሌላ በርም ይከፈትለት። ሰሌዳዋና ጠንካራው ባትሪ ወደ ቦታቸው እስኪመለሱ ምርቱ ይቁም። ቀድሞ በመርከብ የሄደውም ለገዢዎቹ ይነገራቸው፤ የማላውቀው ሰው ትራሱ አጠገብ ሰክቶት ይተኛል፤ ስለ እሱም እፈራለሁ። ፋብሪካው ይዘጋ አላልሁም፤ ሁለት መቶ ሰው ከነቤተሰቡ ይበላበታል፤ ዕቃውም በትክክል ቢሠራ ከሚጣለው የተሻለ ነው፤ ናሙናውን በእጄ ስለፈተሽሁት አውቃለሁ። በአሥራ አራቱ ወረቀት የምጠየቅ ከሆነ ቅጂዎቹን አያይዣለሁ፤ አልክድም። ልጄ ከወጣች በኋላ ግን ይሁን።

የመጨረሻው ልመናዬ ስለ አመጣጥዎ ነው። አስቀድሞ ባይነገር ይመረጣል። ነገር ግን ወሬው ከቀደመዎት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቀይ ቲሸርት የለበሱ ሴቶች የጠረጴዛ ቴኒስ ሲጫወቱ ያገኛሉ። ፀጉሯ የሸበተው እኔ ነኝ። ስሜን አይጥሩ፤ ደብዳቤም እንደደረሰዎት አይናገሩ፤ «እስቲ እኔም ልሞክር» ብቻ ይበሉ። አራት ነጥብ እሸነፍልዎታለሁ። አምስተኛውን ኳስ በጎንዎ አሳልፌ ግድግዳው ሥር እጥለዋለሁ። ያንን ኳስ እባክዎ ሌላ ሰው እንዲያነሣው አይፍቀዱ፤ ራስዎ ይጎንበሱ፤ ሲጎነበሱም መዳፍዎን ቆርቆሮው ላይ ያሳርፉልኝ። ከዚያ ያንኳኩ። ከወዲያ በኩል ያሊ ትመልስልዎታለች።

ከታላቅ አክብሮትና ከእናት ፍርሃት ሰላምታ ጋር፣

ሉዎ ሚንፌን
(ፊርማና የቀኝ አውራ ጣት አሻራ፣ ለአሥራ አምስተኛ ጊዜ)

አባሪ፦ የታሸገ ፖስታ 1፣ የተፈረመባቸው ወረቀቶች ቅጂ 14፣ ያበጠ ባትሪ 1 (በአሸዋ በተሞላ የሻይ ጣሳ ውስጥ ነው፤ እባክዎ አይክፈቱት)