ለአራሷ የተላከው የማር ጀሪካን

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

የጌጫ ማር መርዝ ነው አላልኩም። የሚዛን ገበያ ዛሬ የሚያወራው ይህንን ነው፤ ውሸት ነው። እኔ ማር ሻጮቹን የጠየቅኋቸው አቶ ማሞን ያያችሁ አላችሁ ወይ ብዬ ብቻ ነው። ለምን ሲሉኝ እውነቱን ነገርኳቸው።

እውነቱ ይኸው። ትናንት የእርሻ መድኃኒት ለምንሸጥ ሰዎች ሥልጠና ነበር። ስለ ፀረ ተባይና ፀረ አረም አሻሻጥና አጠቃቀም የወጣ ዓለም አቀፍ ደንብ አስተማሩን። ማንንም አያስገድድም፤ መንግሥትም ሻጩም ገበሬውም ወደው የሚቀበሉት ነው። መጀመሪያ ላይ እየኮራሁ ሰማሁ። በሃይላንድ ቀንሼ አልሸጥም። ወረቀቱ የተላጠ ዕቃ አላስገባም። ለልጅ አልሰጥም። ከዚያ የባዶ ዕቃ ነገር መጣ። ሦስት ጊዜ ተለቅልቆ ይበሳ፤ የሚበላና የሚጠጣ ፈጽሞ አይደረግበት፤ ቢታጠብም ፕላስቲኩ መርዙን ይዞ ይቀራል።

ከሁለት ሳምንት በፊት አቶ ማሞ፣ የጌጫው ንብ አርቢ ደንበኛዬ፣ የማር መያዣ ቸገረኝ ቢሉኝ ባዶ የአረም መድኃኒት ጀሪካን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። በሳሙና አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ አድርቄ፣ አሽትቼ።

ስልካቸው ዝግ ነው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ዛሬም ዝግ። የማር ቆረጣ ወቅት ነው፤ ጫካ ገብተው ይሆናል።

ኑሪያ፣ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ፣ ነገሩን ሰምታ መጣች። «እትዬ፣ ሌላው ሲያጠፋ እንደ አስተማሪ ማስመሪያ ይዘው ነበር የሚመጡት። ዛሬ እርስዎን እንዲመታ ለማን ሊያውሱት ነው?» አለችኝ። ተቀየምኩ። ከሰዓት በኋላ ግን የስፌት መኪናዋን ሸፍና መናኸሪያ ወረደች፤ የጌጫ መስመር ሹፌሮችን አንድ በአንድ ስትጠይቅ ዋለች። ወሬውን ይዛ ተመለሰች። አቶ ማሞ በእኔ ጀሪካን የሞሉትን ማር በሹፌር እጅ ሸኮ ልከውታል። እዚያ የተዳረችው ልጃቸው አስቴር ወልዳለች።

ለአራስ። ለምታጠባ እናት።

ነገ በመጀመሪያው መኪና እሄዳለሁ። ኑሪያ ሱቁን ትጠብቃለች። የመድኃኒቱን ክፍል ቁልፍ ግን ይዤው እሄዳለሁ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ተመስገን። አልተከፈተም።

በእነ አስቴር ቤት ማር ያመጣ ሰው ራሱ ከፍቶ ሳይቀምስ ሌላው አይነካውም። ሹፌሩን ቅመስ ቢሉት እኔ አድራሽ ነኝ ብሎ ሄደ። ስለዚህ የአስቴር አማት ጀሪካኑን አልጋ ሥር አስቀምጠው አቶ ማሞን ይጠብቁ ነበር። ቅዳሜ ይመጣሉ። መጀመሪያ የሚቀምሱት እሳቸው ነበሩ ማለት ነው።

ነገሩን ስነግራቸው አማቷ አላመኑኝም። የአራስ ማር ለመውሰድ ከሚዛን ድረስ የመጣ ሰው አይተው አያውቁም። «ማሩ አምሮዎት ከሆነ ይንገሩኝ፤ በሳህን አወጣልዎታለሁ» አሉኝ። አስቴር ሳቀች፤ ፊቴን ስታይ ተወችው። ከእቅፏ ሕፃኑን አየችና ማሩን እንዳይነኩት አማቷን ለመነች።

የሰው ማር ባለቤቱ ሳይሰማ አልወስድም። ክዳኑን በገመድ አስሬ፣ «አይበላም» ብዬ ጽፌ፣ ዕቃ ቤት አስቆለፍኩት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ሸኮ ተመልሼ ሄድኩ። ለአቶ ማሞ በገዛ አፌ ነገርኳቸው። ምንም አላሳጠርኩም፤ ሳሙናውንም አልደበቅሁም።

«እኔ እኮ አክብረው ሰጡኝ ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ» አሉ።

«አክብሬዎት ነው የሰጠሁት። አጥፍቻለሁም» አልኩ።

ሕፃኑን ተቀብለው ታቀፉ። ሲመልሱት ፊታቸው ለዝቦ ነበር። ማሩን ጓሮ ልድፋው ብዬ ስነሳ ግን እጄን ያዙኝ፤ ከተደፋ ንቡ ሁሉ ይሰፍርበታል አሉ። ስለ ንብ አንድም ጊዜ አላሰብኩም ነበር። እንደታሰረ ይዤው መጣሁ። ሥልጠናውን የሰጠችን ባለሙያ ጋ ብደውል የት እንደሚወገድ የበላዮቿን እጠይቃለሁ አለች። መቼ እንደሚመልሱላት አታውቅም። እስከዚያ መድኃኒቱ ክፍል ውስጥ ለብቻው ይቆለፋል።

አቶ ማሞ አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ በሚመጣው ሳምንት ጌጫ ገበያ መጥቼ ለማር ሰዎች እንድናገር። «እኔ ብናገር ማሬን ላስወድድ ይመስላቸዋል። እርስዎ ጥፋትዎን ቢናገሩ ያምናሉ» አሉ። እሺ አልኩ። በዚህ ዕድሜዬ ገበያ መሐል ቆሜ ልናዘዝ ነው።

እሑድ፣ ግንቦት 10

ቅዳሴ ቆሜ የማመሰግነውን ስቆጥር ዋልኩ። አልቀምስም ያለውን ሹፌር። የአስቴርን አማት ግትርነት። የኑሪያን እግር። ምላሷንም፣ እሺ።

ተቆጣጣሪ አይመጣብኝም፤ የሚያስገድደኝ የለም። ስድስት ባዶ ጀሪካን ግን ጓዳዬ ተደርድሯል፤ አንዱን ስጪን ብለው የለመኑኝም አሉ።

ነገ ከሁሉ በፊት፦

ጓንት ማድረግ።

ስድስቱንም ሦስት ሦስት ጊዜ አለቅልቆ በምስማር መብሳት፤ ታቹንም ጎኑንም።

ማንበብ ለማይችሉ ደንበኞች የሚሆን ሥዕል ባለሙያዋን መጠየቅ።

አስቴር ጋ መደወል። ሕፃኑ ጡቱን ደህና ይዞ እንደሆነ፣ ሌሊት ያስተኛት እንደሆነ መጠየቅ።

ሱቁ ከዚያ ይከፈታል።