ለሹፌሩ የቆምኩ ዕለት

ለምወድሽ እናቴ ይድረስ፤

እንዴት ከረምሽልኝ እማዬ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? ደረጃ አትውጪ ብልሽ እንደማትሰሚኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አትውጪ። እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ።

ውሸቴን ነው። "ከዚያ ሰውዬ ክፍል ውጪ" ብለሽ ከላክሽብኝ ወዲህ ምግብ አልበላ ብሎኛል።

ታናሼን ለገጨው ሹፌር ጥብቅና የቆሙት፣ እስሩንም ያሳጠሩለት እኚሁ የሕግ መምህራችን መሆናቸውን ሳውቅ፣ እንዳንቺው ደሜ ፈልቶ ነበር። ተማሪውም አይወዳቸውም። ስማቸውን "አባ ተገላቢጦሽ" ብለን አውጥተንላቸዋል፤ የምትጠላውን ሰው ወክለህ ካልተከራከርክ እሳቸው ጋ ማለፍ የለማ። ሰሞኑን ጭራሽ ይባረሩልን የሚል ፊርማ ይሰበሰባል። ከሁላችን በላይ የተበደልሽው አንቺ ነሽ፣ ቀድመሽ ፈርሚ ብለውኛል ተማሪዎቹ።

ተራዬ ሲደርስ እኔም እልህ ያዘኝ። የምጠላው እርስዎ የተከራከሩለትን ሹፌር ነው፣ ወንድሜን ነው የገደለው አልኳቸው፤ ይደንግጡ ብዬ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ፣ "ሌላ ጉዳይ ልስጥሽ ልጄ። ይሄንኑ ካልሽ ግን መጀመሪያ ሄደሽ ሰውየውን ስሚው። ሳትሰሚ አትቆሚለትም" አሉኝ። ለሁሉም ተማሪ ሕጋቸው ይኸው ነው። እኔም ያንቺው ልጅ አይደለሁ? ይሄንኑ አልኳቸው።

አፈር ስሆን እማዬ፣ እስከ መጨረሻው አንብቢው። ሹፌሩ ፍሬኑ እንደማይዝ ጠዋት ለባለመኪናው ነግሮት ነበር፤ ዛሬን ብቻ ጨርስና ነገ ይሠራል ተብሎ ነው የወጣው። ከገጨው በኋላም አልሸሸም። ልጃችንን አቅፎ ክሊኒክ ድረስ የሮጠው እሱ ነው። ልጁ መንገድ ላይ "እማዬ ጋ ውሰደኝ" ይለው ነበር አሉ፤ ሹፌሩም ቤታችሁ የት ነው እያለ ያዋራው ነበር። ከየት ሰማሽው አትበይኝ።

ይህን ሁሉ ክፍል ውስጥ ቆሜ ተናገርኩ። የተተበተበው ምላሴ መሐል ላይ ተፈታ፤ እንባዬም አብሮ። ሌሎቹ ሲወጡ መምህሩ ቀረት ብለው፣ "ፍርድ ቤት ይህንኑ ልናገር ስጀምር አንቺና እናትሽ ተነስታችሁ ስትወጡ አይቻለሁ። እስክትመለሱ መጠበቅ ነበረብኝ" አሉኝ። እኔም ፊርማውን አልፈረምኩም።

ከክፍላቸውም አልወጣም። ተቆጪኝ፣ ስደቢኝ፤ ምርቃትሽን ብቻ አትንፈጊኝ። ልጄን ካደችው ብለሽ እንዳታዝኚብኝ ነው የምፈራው። አልካድኩትም እማዬ፤ ሲጠራሽ እንደነበር እንድታውቂ ብዬ ነው።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ደጅሽ አይታጠፍ። አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ ሰላም ብላሻለች። የአክስቴ ልጅም እንደዚሁ።

ሌላም ሰላም ያለሽ ሰው አለ፤ ስሙን ለመጻፍ እጄ እምቢ አለኝ። እናትሽ ሌሊት እንቅልፍ ይወስዳቸዋል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እሁድ እስር ቤት ልጠይቀው ስሄድ ምን ልበለው?

እልኸኛዋ ልጅሽ